ከብት የላሰው ግድግዳ

ሐረገ ወይን ቤቷን ሊያሳጣት የሚችለውን ነገር አንድ በአንድ አስባበት ነበር። እሳትን አስባለች። ምስጥን አስባለች። የነሐሴን ዝናብ፣ የሰካራም ድብድብን፣ ኪራይ ሳይከፍል የሚጠፋን ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባሏን ወንድም ካሴን አስባለች። ከብትን ግን አላሰበችም። በዚህ ማንም አይፈርድባትም። የጣራው ሣር ከብት የማይደርስበት ከፍታ ላይ ነበር፤ ግድግዳ የሚበላ ከብት ደግሞ ከዚያ በፊት በታች ጋይንት አልታየም።

ቤቱ አርብ ገበያ ውስጥ፣ ከብት ነጂው ሁሉ ወደ ገበያው በሚወርድበት መንገድ ዳር ነበር። ቦታው የባሏ የተሰማ ወገን ርስት ነው። እንጨቱ ግን የእሷ ነው። አባቷ ሲድሯት የሰጧት ጊደሮች ወልደው ሲበዙ ሸጠቻቸውና በገንዘቡ የወይራ ምሰሶና የጽድ እንጨት አስቆርጣ አሠራችው። ጣሊያን በወጣ በአሥረኛው ዓመት ገደማ ተሰማ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ተዝካሩ እንደወጣ፣ የድግሱ ድንኳን ገና ሳይፈርስ፣ ካሴ መጣ።

«ርስት በዘር ነው» አለ ካሴ። «ሚስት ደግሞ ዘር አይደለችም። ሐረግን እወዳታለሁ፤ ግን ዘር አይደለችም።»

እርሻውን ወሰደ። በዚያ የተከራከረው አልነበረም። በቤቱ ላይ ግን ሐረገ ወይን እምቢ አለች፤ ነገሩም ለሽማግሌ ቀረበ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ቄስ ወልደማርያም ነበሩ፤ በዚያው በጋይንት ቤተ ልሔም ዜማ የተማሩ፣ ነገር ማርዘም የማይወዱ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ወገን ሰምተው ፈረዱ።

«መሬቱ የእናንተ ነው፤ እንጨቱ የእሷ ነው። ቤቱ ቆሞ እስከታየ ድረስ ትጠቀምበት። የወደቀ ዕለት ግን ቦታው ወደ ባለርስቱ ይመለስ።»

ሁለቱም ዋስ ጠርተው ተለያዩ። ካሴ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ መንገድ ባለፈ ቁጥር ቆም ብሎ ቤቱን ያያል። የእሷን ጤና ከመጠየቁ በፊት የቤቱን ይጠይቃል።

«ቤቱ እንዴት ነው ሐረግ?»

«ደህና ነው አያ ካሴ።»

«ወደ ምሥራቅ ዘመም አላለም?»

«ኮረብታው ነው የዘመመ።»

ካሴ ይህን ሰምቶ ኮረብታውንም ያይና ይሄዳል።

ሴት ሞፈር አትጨብጥም። እርሻ ቢኖራት እንኳ ለእኩል አራሽ ትሰጠው ነበር እንጂ አታርሰውም። ስለዚህ ሐረገ ወይን ከጓሮ ጎጆ ቀልሳ ገባችና ትልቁን ቤት አከራየች። የአገሩ ሰው «ሌላው በሬ ሲጠምድ ሐረግ ተከራይ ጠመደች» ብሎ ሳቀ። እሷ ይህን እንደ ስድብ አልቆጠረችውም። በሬም ተከራይም ጥርሱ ታይቶ ነው የሚያዝ።

መጀመሪያ የገባችው የሺ የምትባል ጠላ ሻጭ ነበረች። የሺ ጥሩ ትከፍላለች። ግን ጠላ ያለ እሳት አይጠመቅም፣ ያለ ሰካራምም አይሸጥም። በአንድ ዓመት ውስጥ ጣራው ከምድጃው በወጣ ፍንጣሪ ጫፉን ተለበለበ፤ በሩም በላዩ ላይ ሁለት ሰው ወድቆበት ከነመቃኑ ወጣ። ሐረገ ወይን የሺን በደህና ሸኘቻት።

ቀጥሎ የገባው ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። ይህ ሰው ጠላ አይጠምቅም፣ አይደባደብም። ጠዋት ጠዋት ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳታል። ኪራዩም እሱ ነበር። የመንግሥትን ሰው ከቤት ማስወጣት ደግሞ ከመንግሥት ጋር መሟገት ስለሚመስል ወደ ሌላ አገር እስኪዛወር ድረስ እጅ ስትነሳ ከረመች።

ከዚያ በኋላ «ከክፉ ተከራይ ባዶ ቤት ይሻላል» ብላ አንድ ክረምት ዘጋችው። አልተሻለም። ጭስ የማይገባበትን ቤት ምስጥ ወዲያው ያውቀዋል። መስከረም ላይ ስትከፍተው ከመንገዱ ወገን ካሉት ቋሚ እንጨቶች አንዳንዶቹ ከሥራቸው ተቦርቡረው ሲነኳቸው እንደ ከበሮ ይጮኹ ነበር።

በዚህ ጊዜ ነው ጀላል የመጣው። ከሰቆጣ በኩል አሞሌ ጨው በበቅሎና በአህያ እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ሚስቱ ሀኒፋ ትባላለች። በዚያ ዘመን በዚያ አገር እስላም ርስት ስለሌለው የሚያድረው በሰው ቤት ነው፤ ሐረገ ወይንም «የራሱ ቤት ሊኖረው የማይችል ሰው የሰው ቤት አያጎሳቁልም» ብላ አሰበች። ቢሆንም ጠየቀችው።

«ጠላ ትጠምቃለህ?»

«እስላም ነኝ እመይቴ።»

«ሚስትህስ?»

«እሷም እስላም ናት።»

«ሰው ይደባደብብሃል?»

«የምሸጠው ጨው ነው። ጨው ልሶ የሰከረ ሰው እስካሁን አላየሁም።»

ኋላ ላይ ቤት የሚጠይቃትን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ታስቀምጣለህ?» ብላ ነበር። ያን ቀን ግን የሰውዬውን ጠባይ እንጂ የዕቃውን ጠባይ መጠየቅ አልመጣላትም። ተዋዋሉ፤ ጀላል አሞሌውን ከመንገዱ ወገን ካለው ግድግዳ አስጠግቶ እስከ ደረቱ ድረስ ከመረ።

ጀላል በእውነት ጥሩ ተከራይ ነበር። በቀኑ ይከፍላል። ሀኒፋ ደጁን እንደ ዐውድማ ጠርጋ ታውለዋለች። ቤቱም ጭስ አገኘ። ክረምቱ ሲገባ ግን ጨው ሁሉ እንደሚያደርገው የጀላልም ጨው አላበው። ላቡ ወለሉ ውስጥ ሰረገ፣ ከወለሉ ወደ ጭቃው ወጣ። መስከረም ላይ ፀሐይ ሲነካው ግድግዳው ከሥሩ እስከ ወገቡ ነጭ አበባ አወጣ። ሐረገ ወይን ኖራ የተቀባ መስሎ ስለታያት ደስ አላት።

ከመስቀል በኋላ ባለው አርብ አንዲት ጊደር ከመንጋዋ ተለይታ መጣችና ግድግዳውን ላሰች። ባለቤቷ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጣ ገበሬ፣ አፍሮ በዱላ ሊመልሳት ሲል ሐረገ ወይን በገበያተኛው ፊት «ተዋት ትላስ፤ እንስሳ ናት፤ ምን ታጎድላለች?» አለች።

ስሕተቱ ይህ ነበር። ሰው በሕዝብ ፊት «ይላስ» ብሎ የፈቀደውን ኋላ ተመልሶ ቢከለክል ስስታም ይባላል፤ በከብት ጨው የሰሰተ ሰው ደግሞ በጋይንት ስሙ ከገዳይ ስም አይሻልም። በሚቀጥለው አርብ ጊደሮች ሆኑ። በሚቀጥለው ወር ከብት ነጂው ሁሉ ከብቱን እዚያ ማቆም ለመደ። ጀላል ቀትር ላይ ለአርብ ስግደት ሄዶ ሲመለስ ከበሩ አጠገብ ከብት እንጂ ሰው አያገኝም።

«እመይቴ» አላት አንድ ቀን፣ «ግድግዳዎ ገበያዬን ዘጋው። ገበሬው ከብቱን በነፃ እያላሰ ለምን ከእኔ ይገዛል?»

«ግድግዳዬ ከመቼ ወዲህ ነው ጨው የነገደ? ያንተ ጨው አይደለም ወይ የበላኝ?»

«ጨውማ የኔ ነው። ታዲያ ሌባው ማነው?»

ሁለቱም ግድግዳውን አዩት። አንዲት ላም ዓይኗን ጨፍና ትልስ ነበር።

ነገሩን ካሴ የሰማው ዘግይቶ ነው፤ ከሰማ በኋላ ግን አልዘገየም። በሚቀጥለው አርብ ሁለቱን የእርሻ በሬዎቹን፣ ቦራንና ዳልቻን፣ እየነዳ መጣ። ከግድግዳው ሲደርሱ በሬዎቹ ቆሙ። ካሴም ጅራፉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ቆመ።

«እንዴት ዋልሽ ሐረግ?»

«እግዜር ይመስገን አያ ካሴ። በሬዎቹን ልትሸጥ ነው?»

«አስቤ ነበር።»

«ዋጋ አጣህ?»

«ዋጋስ አለ። እነሱ ናቸው እዚህ ሲደርሱ የሚቆሙት። እኔ እንኳ መንገዱን አሳየኋቸው እንጂ ላሱ አላልኳቸውም።»

በየሳምንቱ እንዲህ በሬ ሊሸጥ እየመጣ ሳይሸጥ ይመለሳል። ሌላው ከብት እያለፈ ነው የሚልስ፤ ቦራና ዳልቻ ግን ውለው ነው የሚመለሱ። የበሬ ምላስ ሞረድ ነው። ምርጊቱ እየተፋቀ፣ ጭዱ እየወጣ፣ ማገሩ እንደ ጎድን አጥንት ብቅ ብቅ አለ።

ሐረገ ወይን ያላትን ምርጫ አሰበች። እንደገና አስመረገችው፤ ጨዉ ከወለሉ ስለሚነሳ አዲሱም ጭቃ በወሩ ጣፈጠ። እሾህ ልታጥር አሰበች፤ መንገዱ የሕዝብ ነው። ጀላልን ልታስወጣ አሰበች፤ ጀላል ቢወጣ ጨዉ ከግድግዳው አይወጣም፣ ኪራዩ ይቀራል፣ ምስጡም ይመለሳል። ግድግዳውን አፍርሳ ልትሠራ አሰበች፤ ግድግዳ ለማፍረስ ጣራ ማውረድ ያስፈልጋል፣ ጣራው የወረደ ዕለት ደግሞ ካሴ ዋሱን ይዞ ከደጅ ነው። ያ ቤት ከሄደ የሚቀራት የጓሮዋ ጎጆ አይደለም፤ ጎጆዋም ያው ርስት ላይ ነው። ሄዳ ከወንድሟ ቤት ጥግ ይዛ የሰው እህል ትፈጫለች።

መፍትሔውን ያገኘችው ኪራይ ልትቀበል የገባች ዕለት ነው። ሀኒፋ ንፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ከውስጥ በሰሌን ሸፍና፣ ሰሌኑንም በአሞሌ ደግፋው ነበር። ሐረገ ወይን ሰሌኑን ብዙ ጊዜ ቆማ ተመለከተችው።

«ምነው እመይቴ? አበላሸሁ?» አለች ሀኒፋ።

«የለም። ይህን በድንጋይ ብናደርገውስ?»

ጀላል ሲሰማ አልተዋጠለትም። «ከውስጥ ግንብ ከተሠራ ቤቱ በክንድ ይጠባል። ደግሞስ፣ መሬቱ የካሴ፣ እንጨቱ የእርስዎ፣ ድንጋዩ የኔ ሊሆን ነው? እኔ እኮ ተከራይ ነኝ።»

«ቤቱ ሲወድቅ ከእኔ ጋር የምትወጣው አንተ ነህ። ካሴ ቦታውን ሲያገኝ ለጠላ ሻጭ ነው የሚሰጠው። ጨውህን በአህያ ጭነህ ቤት ስትለምን እኔ ከወንድሜ ቤት ሆኜ አዝንልሃለሁ።»

ጀላል ጢሙን እያሻሸ አሰበ። በመጨረሻ ተስማሙ። ድንጋዩን የእሱ አህዮች ያመጣሉ፤ ግንበኛውን እሷ ትከፍላለች፤ ቤቱ ስለጠበበ እሷ ከኪራዩ ትቀንሳለች፤ እሱም ከእንግዲህ ጨዉን መሬት ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ የእንጨት ቆጥ ላይ ያስቀምጣል። ሐረገ ወይን ለግንበኛው የቀረቻትን አንዲት የምትታለብ ላም ሸጠች። ገዢው ላሚቱን እየሳበ ሲሄድ ግድግዳው ጋ ደርሳ ቆመችና ላሰች።

ግንበኛው ከእስቴ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አህዮቹ እንደ ወትሮው ስልቻ ጭነው ይገባሉ፤ ስልቻው ውስጥ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም፤ የጨው ነጋዴ ስልቻ ሁልጊዜም ይከብዳል። ሰውዬው ድንጋዩን ከድሮው ግድግዳ አስጠግቶ በጭቃ እያያዘ ካበ፤ ጣራውን የተሸከሙትን ወራጆች አንድ በአንድ በሽብልቅ እያነሣ በግንቡ ላይ አሳረፋቸው። የድንጋዩንም ፊት በጭቃ ስለለሰነው ከውጭ በቀዳዳ ለሚያይ የሚታየው ያው ጭቃ ነው።

«ጀላል ምን ያንኳኳል?» አለ ካሴ አንድ አርብ።

«ጨው ይሰብራል» አለች ሀኒፋ ከበሩ ላይ።

ውሸት አልነበረም፤ ጨውም ይሰበር ነበር።

ካሴ ግን ግራ ገብቶታል። በሬዎቹ ቢልሱ ቢልሱ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ጭቃ ይታየዋል። «ይህ ግድግዳ ሲወፍር!» እያለ ይደነቅ ነበር። በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ትዕግሥቱ አለቀና ቄስ ወልደማርያምን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይዞ መጣ። ዕለቱ አርብ ስለነበር በሬዎቹም መጥተዋል። ቄሱ ከጾሙ የተነሣ አንደበታቸው ደርቆ ነበር።

«አባ፣ ፍርዱ የራስዎ ነው» አለ ካሴ። «ቤቱ የወደቀ ዕለት ብለዋል። ይኸው ይመልከቱ፤ ምርጊቱ አልቆ ማገር ብቻ ቀርቷል። ቆሟል የሚባለው ስላልተነፈስንበት ነው።»

ቄሱ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሐረገ ወይን፣ ምን ትያለሽ?»

«ቤቱ ቆሟል አባ።»

«እስከ መቼ?»

«እሱን የሚያውቁት እግዚአብሔርና ካሴ ናቸው።»

ቄሱ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ቦራ በሁለት ቋሚዎች መካከል የቀረች አንዲት ጨዋማ ጭቃ አየ። ምላሱ አልደርስ ሲለው በቀንዱ ገፋ። ምስጥ የበላው እንጨት ቀጭ አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ግድግዳ፣ ከነማገሩ፣ ከነቋሚው፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ተኛ። አቧራው ሰዉን ሁሉ ሸፈነው።

ካሴ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። «እግዜር ያጽናሽ ሐረግ» አለ።

አቧራው ሲገለጥ ጣራው በቦታው ነበር። ከጣራው ሥር ሌላ ግድግዳ ቆሟል። ከግድግዳው በስተጀርባ ጀላል ለአንዲት ደንበኛ አሞሌ ሲቆርጥ ይሰማ ነበር፤ ሥራውን እንኳ አላቋረጠም።

ቄስ ወልደማርያም ቀረብ ብለው ግድግዳውን በመቋሚያቸው መቱት። «ኳ» አለ። ትንሽ ጭቃ ረገፈና ግራጫ ድንጋይ ታየ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ግድግዳ ነው አባ።»

«መቼ ተሠራ?»

«ካሴ ከውጭ ሲያፈርስ እኔ ከውስጥ እሠራ ነበር።»

«አዲስ ነው!» ካሴ ጮኸ። «አዲስ ቤት ነው! የድሮው ወድቋል፤ በዓይናችሁ በብረቱ አይታችኋል!»

ቄሱ ወደ በሩ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ገቡና መሐል ቤት የቆመውን የወይራ ምሰሶ በእጃቸው ዳበሱት። ሲወጡ «ይህ ምሰሶ ሲተከል ጠበል የረጨሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ያው ነው። ጣራውም አልወረደም። ልጅ ጥርሱ ተነቅሎ ሌላ ቢያበቅል ሞተ አይባልም።»

«አባ፣ ይህ ግን ጥርስ አይደለም! ግድግዳ ነው! ወድቋል!»

ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንደኛው በመሃል ገቡ። «እሺ፣ ወድቋል እንበል። የጣለው ማነው?»

ሁሉም ዞረው ቦራን አዩ። ቦራ በአፍንጫው ላይ የቀረውን ቀይ ጭቃ በምላሱ እየጠረገ ነበር።

«በሬ የሰው ንብረት ሲያጠፋ ባለበሬው ይክሳል» አሉ ሽማግሌው። «ቤት የጣለ በሬ ከሆነ ደግሞ የቤት ካሣ ነው። ከወደቀ ማለቴ ነው። ካልወደቀ ምንም የለም።»

ካሴ ግድግዳውን አየ። ቦራን አየ። ጋቢውን ቀስ ብሎ ወደ ትከሻው መለሰ።

«ቆሟል ካላችሁ፣ ቆሟል» አለ።

«አንቺስ? የምትጠይቂው አለ?» አሏት ቄሱ።

«እኔ ከቦራ ጋር ጠብ የለኝም አባ። ለማፍረሻ ሰው ልቀጥር ነበር።»

ቄሱ ባርከው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ። የወደቀውን ጭቃ ገበሬዎቹ ለከብታቸው እየተሻሙ በአቁማዳ ወሰዱት፤ መንገዱ እስከ ማታ ጠራ።

በሚቀጥለው አርብ ቦራና ዳልቻ ማንም ሳይነዳቸው ከዳገቱ ወርደው መጡ። ካሴ ከኋላቸው ይሮጥ ነበር። በሬዎቹ ግንቡን ላሱ፤ ጨው ሲያጡበት ቆሙ፤ እንደገና ላሱ። ካሴ ቢጎትት፣ ቢያፏጭ፣ ጅራፉን ቢያጮኽ አልነቃነቅ አሉ። ብዙ ቆየና ከወንድሙ ተዝካር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሩ ገባ።

«ጨው አለ?»

«አለ አያ ካሴ» አለ ጀላል። «ሙሉውን ነው ስባሪውን?»

ካሴ በሬዎቹን ዞር ብሎ አያቸው። «ሙሉውን» አለ። ከፍሎ አሞሌውን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ሐረገ ወይን በደጃፉ ላይ እንዝርት ስታሾር አገኛት።

«ዛሬስ ቤቱ እንዴት ነው አትለኝም አያ ካሴ?»

ካሴ ወደ ውስጥ መለስ ብሎ አየ።

«ጠቧል» አለና አሞሌውን ለቦራ እያሳየ ወደ ዳገቱ ወጣ።